ክርናችሁን ከኋላ በኩል ሲያማችሁ፦ የትራይሴፕስ ጅማት ጉዳትን እንዴት ትለያላችሁ፣ እንዴትስ ታክሙታላችሁ

አብሮኝ ስፖርት የሚሰራ ልጅ ነበር፣ ቤንች ላይ ተኝቶ ብረቱን ወደ ደረቱ እያወረደ እያለ ቀኝ ክርኑ ጋ "ጧ" የሚል ድምፅ ወጣ። አጠገቡ ቆሜ ስለነበር ሰምቼዋለሁ፣ ደረቅ እንጨት ሲሰበር አይነት ነው። ተረባርበን ብረቱን አነሳንለት፣ ተነስቶ ቆመ፣ እጁን ወደታች ለቀቀው፣ እጁም ቀጥ አለ። "ይኸው ይዘረጋል እኮ፣ ምንም አልሆንኩም" አለን፣ እኛም አመንነው። ከዛ ሰፈር ውስጥ የሚያሹ ሰው ጋ ሄዶ ሁለት ሳምንት ሙሉ በቅቤ ታሸ። ሐኪም ጋ ሲደርስ ጅማቱ ከአጥንቱ ተገንጥሎ ወደ ላይ ተሰብስቦ ነበር።

እጅ ወደታች ሲንጠለጠል የሚዘረጋው በራሱ ክብደት ነው፣ ጡንቻ አያስፈልገውም፣ ጅማቱ ተበጥሶም ይዘረጋል። ይቺን አለማወቅ ነው ልጁን ሁለት ሳምንት ያስከፈለችው። ስለዚ ከዚ ጽሁፍ አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ የምትሄዱ ከሆነ ይቺን ያዙ፣ ክርኑን የተመታ ሰው እጁ የሚፈተነው ወደ ላይ ነው እንጂ ወደታች አይደለም። እንዴት እንደሚፈተን ታች እነግራችኋለሁ። እኔ ሐኪም አይደለሁም፣ ቀለል ያለው አይነት ግን በራሴ ክርን ደርሶብኝ ከፊዚዮቴራፒ ጋር አራት ወር ታግያለሁ፣ ያኔ የተማርኩትን ነው የምጽፈው።

መጀመሪያ፣ የቱ ጋ ነው ያለው?

ከላይኛው ክንዳችሁ ኋላ ያለው ጡንቻ ትራይሴፕስ ይባላል፣ ሶስት ራስ አለው። አንዱ ራስ ከትከሻ ጠፍጣፋው አጥንት ይነሳል፣ ሁለቱ ከክንድ አጥንት፣ ታች ላይ ሶስቱም ተሰብስበው ወፍራም ጅማት ሆነው የክርናችሁ ሹል ላይ ይያዛሉ፣ ማለትም ጠረጴዛ ስትደገፉ የሚነካው አጥንት ላይ። ስራው እጅ መዘርጋት ነው፣ መግፋት የሚባል ነገር ሁሉ የሱ ነው፣ በር መግፋት፣ ከወንበር በእጅ ተደግፎ መነሳት፣ ፑሽ አፕ፣ መዶሻ መምታት፣ ወለል መወልወል።

ጉዳቱ በሶስት መልክ ይመጣል። አንዱ የተጎሳቆለ ጅማት ነው፣ ቀስ እያለ በወራት ውስጥ ከመጠን በላይ በመስራት የሚመጣ፣ ሁለተኛው ከፊሉ የተቀደደ፣ ሶስተኛው ሙሉ በሙሉ የተበጠሰ። የመጀመሪያው ጂም ውስጥ በየቀኑ የምታዩት ነው። መበጠሱ ግን ብርቅ ነው፣ ሐኪሞችም ብዙ ጊዜ አያዩትም፣ ለዛም ነው መጀመሪያ ቀን ላይ የሚያልፋቸው። ሲመጣ ግን ጊዜ አይሰጥም።

እርምጃ 1፦ ታሪኩን አስታውሱ

ህመሙ እንዴት ጀመረ? "ባለፈው ወር አካባቢ ዲፕስ (ፓራለል ዘንጎች ላይ በእጅ ተደግፎ መውረድና መውጣት) ስሰራ ትንሽ ትቆረጥመኝ ነበር፣ ሲሞቅ ትጠፋለች፣ ማታ ላይ ትመለሳለች፣ ጠዋት ስነሳ ደርቃ ትቆያለች" የሚል ሰው ብዙ ጊዜ የተጎሳቆለ ጅማት ነው ያለው። "ማክሰኞ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ደረጃ ላይ ተንሸራትቼ እጄን ዘርግቼ ወደቅኩ፣ የሆነ ነገር ጧ አለ" የሚል ደግሞ ሌላ ነገር ነው፣ እስኪረጋገጥ ድረስ እንደተበጠሰ ቁጠሩት። ጅማት ብዙውን ጊዜ የሚበጠሰው እጁ ሊዘረጋ ሲታገል ክብደቱ በግድ ሲያጥፈው ነው፣ በእጅ ላይ መውደቅም ቤንች ማውረድም ያው አንድ ነገር ናቸው። ክርን ላይ በቀጥታ መመታትም ያመጣዋል።

እዚ ጋ ሰው የማይጠረጥረውን ልጨምር። ሲፕሮ (ሲፕሮፍሎክሳሲን የሚባለው አንቲባዮቲክ) እና ዘመዶቹ ጅማት ያዳክማሉ። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለስልጣን በ2008 እ.ኤ.አ. መድኃኒቱ ላይ ከሁሉ ጠንከር ያለውን ማስጠንቀቂያ እንዲለጠፍ ያዘዘው ለዚ ነው። ይበልጥ የሚያጠቃው የእግር ተረከዝ ጅማትን ነው፣ ግን ሌላውንም አይምርም፣ ከ60 ዓመት በላይ የሆኑና ስቴሮይድ የሚወስዱ ሰዎች ላይ ደሞ ይብሳል። እኛ ጋ ታይፎይድ ነው፣ ሽንት ቧንቧ ነው እየተባለ ሲፕሮ እንደ ከረሜላ ይዋጣል። እየወሰዳችሁ ጅማት ካመማችሁ ስፖርቱን አቁሙና ላዘዘላችሁ ሐኪም በዛው ቀን ንገሩ፣ ሌላ ይቀይርላችኋል። ከዛ ውጪ ዲያሊስስ ላይ ያሉ የኩላሊት ታማሚዎች፣ ስኳር ያለባቸው፣ የመገጣጠሚያ ሪህ ያለባቸው፣ ክርናቸው ላይ የስቴሮይድ መርፌ የተወጉ፣ ጂም ውስጥ "ቶሎ ያወፍራል" የሚባለውን የሚወጉ ልጆች (ጡንቻው ያድጋል፣ ጅማቱ አብሮ አይጠነክርም) ቀለል ባለ አደጋም ሊበጠስባቸው ይችላል።

እርምጃ 2፦ አራት ፍተሻ እቤት ውስጥ

ከመጀመራችሁ በፊት፣ ክርኑ ቅርፁ ከተበላሸ፣ ቁስል ካለው፣ ጣቶች ከቀዘቀዙ ወይ ከደነዘዙ ወይ ከገረጡ ምንም አትፈትሹ፣ በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል።

ማየት። ሸሚዝ አውልቁና ሰው ሁለቱንም ክርን ከኋላ ጎን ለጎን በስልክ ፎቶ ያንሳችሁ። ራሳችሁ በመስታወት አይሆንም፣ እኔ ሞክሬው አንገቴን ነው ያመመኝ። እብጠትና መበለዝ ትፈልጋላችሁ። ብልዘቱ በመጀመሪያው ቀን ላይታይ ይችላል፣ በሁለተኛው በሶስተኛው ቀን ይወጣና ወደ ታችኛው ክንድ ይወርዳል፣ ያኔ ሰው "እንዴ እዚ መቼ ተመታሁ" ይላል፣ አልተመታም፣ ደሙ ነው የወረደው።

መዳሰስ። ክርናችሁን 90 ዲግሪ እጠፉት፣ በሌላኛው እጃችሁ አመልካች ጣት የክርኑን ሹል አጥንት ፈልጉና ከሱ ወደ ላይ ሁለት ሶስት ሴንቲሜትር ተጓዙ። ጤነኛው እጅ ላይ መጀመሪያ ሞክሩት፣ ጠንካራ ሰፊ ጠፍር የመሰለ ነገር ታገኛላችሁ። የታመመው ላይ እዛው ቦታ ጣታችሁ ወደ ውስጥ ገባ የሚል ከሆነ፣ ጉድጓድ ካለ፣ ጅማቱ ተለይቷል። ግን ያበጠ ከሆነ እብጠቱ ጉድጓዱን ይሞላዋል፣ ስለዚ ጉድጓድ አላገኘሁም ብላችሁ አትዝናኑ።

ወደ ላይ መዘርጋት፣ ዋናው ይሄ ነው። ጀርባችሁ ላይ ተኙ፣ ክንዳችሁን አንሱና ክርናችሁ ጣሪያውን እንዲያይ አድርጉት፣ መዳፋችሁ ወደ ግንባራችሁ ታጥፎ ይቀመጥ። ሰው ከላይ በኩል ክንዱን ይያዝላችሁ፣ ሌላኛውም እጁ መዳፋችሁ ቢወድቅ ፊታችሁን እንዳይመታ ይጠብቅ። አሁን ምንም ሳትይዙ ቀስ ብላችሁ እጃችሁን ወደ ጣሪያው ዘርጉ። አሁን መሬት ስበት አይረዳችሁም፣ ትራይሴፕሱ ብቻውን ነው። መዳፉ ከግንባር ካልተነሳ፣ ወይም ግማሽ ደርሶ ከወደቀ፣ ጉዳዩ ከባድ ነው። እየተንቀጠቀጠም ቢሆን ከተዘረጋ ግን ከሌላኛው እጅ በግልፅ ከደከመ ከፊል መቀደድ ሊሆን ይችላል፣ ይሄም ሐኪም ያስፈልገዋል። ክብደት ይዛችሁ እንዳትሞክሩት በእግዚአብሔር፣ የተረፈውን ትጨርሱታላችሁ።

መጭመቅ። አልጋ ላይ በሆዳችሁ ተኙ፣ ከክርን በታች ያለው እጃችሁ ከአልጋው ጠርዝ ወደታች ይንጠልጠል፣ ዘና በሉ። ሌላ ሰው የላይኛውን ክንድ የኋላ ስጋ መሃሉን ጭምቅ ያድርገው። ጅማቱ ካለ የተንጠለጠለው እጅ ትንሽ ወደ መዘርጋት ንቅንቅ ይላል፣ ካልተንቀሳቀሰ ገመዱ ተበጥሷል ማለት ነው። ተንቀሳቀሰ ማለት ግን ነፃ ናችሁ ማለት አይደለም፣ ከፊል የተቀደደም ይንቀሳቀሳል።

ሌላ ነገር ቢሆንስ?

የክርኑ ሹል ላይ እንደ እንቁላል ለስላሳ ውሃ የቋጠረ እብጠት ካለ ጅማት ላይሆን ይችላል፣ እዛ ቦታ ላይ ያለች ትንሽ ከረጢት አለች፣ እሷ ናት ያበጠችው፣ ጠረጴዛ ላይ ክርናቸውን ተደግፈው የሚውሉ ሰዎች ላይ ይበዛል። ቀይ ሆና ከጋለችና ትኩሳት ካላችሁ ግን ኢንፌክሽን ነው፣ ለነገ አይባልም። ህመሙ ክርን ውጪ ጎን ወይ ውስጥ ጎን ከሆነ የሌላ ጅማት ጉዳይ ነው። የቀለበት ጣትና ትንሿ ጣት የሚነዝራችሁ ከሆነ ነርቭ ነው። ትራይሴፕሱ ሰንፎ ክርኑ ሲነካ ግን ምንም የማያም ከሆነ፣ በተለይ ከአንገት የሚጀምር ህመም ወደ መሃል ጣት የሚወርድ ከሆነ፣ ችግሩ አንገት ላይ ነው ያለው፣ ክርናችሁን ብታሹት ዓመት ሙሉ አይድንም።

እርምጃ 3፦ የመጀመሪያዎቹ ሶስት ቀናት

ቀለበት፣ ሰዓት፣ አምባር አውልቁ፣ እብጠቱ ወደ ጣቶች ይወርዳልና በኋላ በመጋዝ ነው የሚወጣው። በረዶ በጨርቅ ጠቅልላችሁ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ፣ በቀን ሶስት አራት ጊዜ፣ በረዶ ቆዳ ላይ በቀጥታ አታድርጉ። ስትቀመጡና ስትተኙ እጁን ትራስ ላይ ከፍ አድርጉ። አንገት ላይ በሻሽ ማንጠልጠል ጥሩ ነው፣ ግን ክርኑ 90 ዲግሪ ሲታጠፍ ጅማቱ ይሳባል፣ ካመማችሁ ዘርጋ አድርጋችሁ ትራስ ላይ ማሳረፍ ይሻላል።

ለህመም ፓራሲታሞል ይበቃል። ዳይክሎፌናክ ወይ አይቡፕሮፌን ለጥቂት ቀን ይረዳል፣ ጨጓራ፣ ኩላሊት ወይ ግፊት ያለበት ሰው ግን ፋርማሲስቱን ሳይጠይቅ አይዋጥ። ህመሙን አደንዝዞ ስፖርት ለመቀጠል የሚውጥ ሰው አውቃለሁ፣ እኔ ነበርኩ፣ እሱ ነው ሶስት ሳምንቱን አራት ወር ያደረገው።

አሁን ወደ ወጌሻ። ወጌሻን መናቄ አይደለም፣ አያቴን ውልቃት የመለሱላት ወጌሻ ናቸው። ግን የተበጠሰ ጅማት በማሸት አይቀጠልም፣ ትኩስ ጉዳት ላይ በኃይል ማሸት ደሙንና እብጠቱን ይጨምራል፣ ከፊሉ የተቀደደውን ደሞ ሊጨርሰው ይችላል። ከሁሉ የሚብሰው አጥብቆ ማሰር ነው፣ በቀርከሃ ጥብቅ ተደርጎ የታሰረ እጅ ደም አጥቶ ሞቶ የተቆረጠባቸው ሰዎች አሉ። ታስራችሁ ጣታችሁ ከቀዘቀዘ፣ ከጠቆረ፣ ወይ ጣታችሁ ሲዘረጋ የማይቻል ህመም ካለ፣ አሁኑኑ ፍቱትና ሆስፒታል ሂዱ፣ እስከ ጠዋት አይጠበቅም።

እርምጃ 4፦ ሐኪም ጋ

ከላይ ያሉት ፍተሻዎች ጥርጣሬ ካሳደሩባችሁ፣ ወይም "ጧ" ብሎ ከሆነ፣ የአጥንት ሐኪም ነው የምትፈልጉት። አዲስ አበባ ላይ ጥቁር አንበሳም በጳውሎስ ስር ያለው አቤት ሆስፒታልም የአጥንት ክፍል አላቸው፣ ክፍለ ሀገር ላይ ካላችሁ ደሞ ከጤና ጣቢያ ሪፈር አስፅፉ።

ስትገቡ "ክርኔን አመመኝ" ብቻ አትበሉ። እንዴት እንደወደቃችሁ፣ ድምፅ መስማታችሁን፣ እጃችሁን ወደ ላይ መዘርጋት አለመቻላችሁን፣ የምትወስዱትን መድኃኒት በሙሉ ንገሩ። መጀመሪያ ራጅ ይታዘዛል፣ በጎን የተነሳው ላይ ከክርን ሹል በላይ ትንሽ ፍንጣሪ አጥንት ከታየ ጅማቱ አጥንቱን ይዞ ተገንጥሏል ማለት ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ግን እዚ ጋ ነው፣ "ራጁ ደህና ነው ተብያለሁ" ብሎ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ራጅ አጥንት ነው የሚያሳየው፣ ጅማት አይታይበትም። ራጁ ደህና ሆኖ እጁ ወደ ላይ ካልተዘረጋ አልትራሳውንድ ይታዘዝልኝ በሉ፣ ርካሽ ነው፣ በየቦታውም አለ፣ የሚያነሳው ሰው ሁለቱንም ክርን እንዲያወዳድር ጠይቁ። ግልፅ ካልሆነ ኤምአርአይ።

ሙሉ በሙሉ ከተበጠሰ ህክምናው በአብዛኛው ኦፕራሲዮን ነው፣ ክርኑ አጥንት ላይ ቀዳዳ ተበስቶ ወይም መልህቅ መሰል ነገር ተተክሎ ጅማቱ ወደ ቦታው ይሰፋል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሶስት ሳምንታት ከተሰራ ስራው ቀላል ነው። ከዘገየ ጅማቱ ወደ ላይ ይሰበሰባል፣ ጠባሳ ይይዘዋል፣ ከሌላ ቦታ ጅማት ተወስዶ መቀጠል ሊያስፈልግ ይችላል። ከፊል መቀደድ ከሆነና እጁ አቅም ካለው ክርኑ 30 ዲግሪ አካባቢ ታጥፎ ለአራት ሳምንት ያህል በድጋፍ ይቀመጥና ከዛ ቀስ በቀስ ይለቀቃል፣ ይሄን የሚወስነው ሐኪሙ ነው። ከኦፕራሲዮን በኋላ እስከ ስድስት ሳምንት አካባቢ በራስ አቅም መግፋት የለም፣ ጡንቻ ማጠንከር ከሁለተኛው ከሶስተኛው ወር ጀምሮ፣ ከባድ ብረት ከአራት እስከ ስድስት ወር በኋላ።

እርምጃ 5፦ የተጎሳቆለ ጅማት ያለባችሁ፣ ብዙዎቻችሁ ማለት ነው

እኔን የገጠመኝ ይሄ ነው። ሁለት ሳምንት ሙሉ አረፍኩ፣ ህመሙ ጠፋ፣ ዳንኩ ብዬ ተመልሼ ዲፕስ ሰቀልኩ፣ በሶስተኛው ቀን እዛው ነኝ። ጅማት በእረፍት ብቻ አይድንም፣ ህመሙ ይተኛል እንጂ ጅማቱ እንደሰነፈ ነው። የሚያድነው በልክ የተሰጠ ስራ ነው።

ልኩን የምታውቁት እንዲህ ነው። ህመሙን ከ0 እስከ 10 ቁጥር ስጡት፣ ስትሰሩ እስከ 3 ችግር የለውም። ከዛ በነጋታው ጠዋት ከአልጋ በእጃችሁ ተደግፋችሁ ስትነሱ ከትናንት ጠዋት ይበልጥ ካመማችሁ አብዝታችኋል፣ አንድ ደረጃ ተመለሱ።

የመጀመሪያው አንድ ሁለት ሳምንት እንቅስቃሴ የሌለው ግፊት ነው። ጠረጴዛ ፊት ቁሙ፣ ክርን 90 ዲግሪ፣ ጭብጣችሁን ጠረጴዛው ላይ አድርጉና ወደታች ግፉ፣ ከሙሉ አቅማችሁ ከግማሽ በለጥ ባለ ኃይል። ከ30 እስከ 45 ሰከንድ፣ አምስት ጊዜ፣ በመሃል ሁለት ደቂቃ እረፍት። እኔ ቢሮ ውስጥ ነበር የምሰራው፣ ሰው "ጠረጴዛው ምን አድርጎህ ነው" ይለኝ ነበር።

ቀጥሎ ላስቲክ። የስፖርት ላስቲክ ከሌላችሁ ጎሚስታ ጋ ሂዱና አሮጌ የብስክሌት ካላማዳሪያ ጠይቁ፣ ታጥቦ ተቆርጦ መስኮት ብረት ላይ ሲታሰር ከተገዛው አይተናነስም። ክርናችሁን ጎናችሁ ላይ ለጥፉና ላስቲኩን ወደታች ሳቡ፣ ሲወርድ ሶስት ሰከንድ፣ ሲመለስ አራት ሰከንድ። ዋናው መመለሱ ነው፣ ላስቲኩ ፈንጥሮ እንዲወስዳችሁ አትፍቀዱለት። 15 ጊዜ ሶስት ዙር፣ ቀን እየዘለላችሁ፣ ሲቀልላችሁ ላስቲኩን እጥፍ አድርጉና ቁጥሩን ወደ 8 እያወረዳችሁ ክብደቱን ጨምሩ። ይሄ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈጃል፣ ይሰለቻል፣ ግን የሚያድነው ክፍል ይሄ ነው።

ከዛ ፑሽ አፕ በግድግዳ፣ ቀጥሎ በጠረጴዛ ጠርዝ፣ መጨረሻ መሬት ላይ። ከራስ በላይ የሚሰራውን፣ ሁለት ሊትር ሃይላንድ ይዞ ከጭንቅላት ጀርባ ማንሳቱን፣ ከዚ በፊት አትጀምሩት፣ ጅማቱ እጅግ የሚለጠጠው እዛ ላይ ነው። በጥቅሉ ሶስት ወር አስቡ። ሶስት ወር በትክክል ሰርታችሁ ካልተሻለ ተመልሳችሁ ታዩ፣ ጅማቱ ውስጥ የስቴሮይድ መርፌ ልውጋልህ የሚል ካጋጠማችሁ ግን ሌላ ሰው ጠይቁ፣ ለሳምንታት ያስታግሳል፣ የመበጠስ አደጋው ግን አለ።

ማረፍ የማትችሉ፣ ልስን የምትለስኑ፣ መዶሻ የምትይዙ፣ ዓረብ ሀገር ቀኑን ሙሉ ወለልና መስታወት የምትወለውሉ እህቶች፣ ስራ አቁሙ ብል ቀልድ ነው የሚሆነው። ስትገፉ ክርኑን እስከ መጨረሻው ቀጥ አታድርጉት፣ ትንሽ ታጠፍ ያለ ይሁን፣ በክንድ ብቻ ሳይሆን በእግርና በሰውነት ክብደት ግፉ፣ እጅ ቀያይሩ፣ ማታ ላይ ክርን አጥፎ ራስ ስር ማድረግ ይቅር።

ወደ ብረት ስትመለሱ ቤንቹን ባዶ ዘንግ ይዛችሁ ጀምሩ፣ ማውረዱን ቀስ፣ በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ ጨምሩ፣ ዲፕስ ከሁሉም መጨረሻ። ያ ልጅ ከኦፕራሲዮኑ በኋላ ሰባተኛ ወሩ ላይ ባዶውን ዘንግ ገፋ፣ ቀኝ ክርኑ ትንሽ ወደ ኋላ ትቀራለች፣ እስከ መጨረሻው አትዘረጋም። እኔም ፓራለሉ ላይ ገና አልወጣሁም።